ፒካ (ሕመም)

ፒካ ማለት ምግብ ያልሆኑና ሰውነትን የማይገነቡ ነገሮችን፣ ለምሳሌ አፈር፣ የግድግዳ ጭቃ፣ ጠመኔ፣ ከሰል፣ አመድ፣ ወረቀት፣ ፀጉር ወይም በረዶ፣ ደጋግሞ የመብላት ልማድ ነው። ልማዱ ቢያንስ ለአንድ ወር ከዘለቀ፣ ከሰውየው የዕድገት ደረጃ ጋር ካልሄደና የባሕል ወይም የሃይማኖት ሥርዓት አካል ካልሆነ በሕክምናው ዓለም ከአመጋገብ ሕመሞች እንደ አንዱ ይቆጠራል። በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም ይበልጥ የሚታየው በእርጉዝ ሴቶች፣ በትንንሽ ልጆችና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ነው። ፒካ ከብረት እጥረትና ከደም ማነስ ጋር በቅርብ የተሳሰረ ስለሆነ፣ አፈር የሚያምረውን ሰው ከመገሠጽ በፊት ደሙን መመርመር ይገባል።

ስያሜ

ቃሉ የተወሰደው ከላቲን ነው። በላቲን «ፒካ» ያገኘችውን ሁሉ በመልቀም የምትታወቅ የአውሮፓ ወፍ ስም ነው። በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ እንደሚበላው ነገር ዓይነት ንዑስ ስሞች አሉት። አፈር መብላት ጂኦፋጂ፣ በረዶ መቆርጠም ፓጎፋጂ፣ ጥሬ ሩዝ፣ ዱቄት ወይም ስታርች መቃም አሚሎፋጂ፣ ፀጉር መብላት ደግሞ ትሪኮፋጂ ይባላሉ።

በአማርኛ ለሕመሙ የተለመደ አንድ ቃል የለም። ብዙ ጊዜ «አፈር ያምራታል» ወይም በደፈናው «አምሮት ነው» ይባላል። አምሮት ግን ሰፊ ቃል ነው። እርጉዝ ሴት ጥሬ ሥጋ፣ ሎሚ ወይም ያለ ወቅቱ በለስ ሲያምራት ያው አምሮት ነው፤ ፒካ ግን አይደለም፤ የምትፈልገው ምግብ ነውና። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ የአፈር አምሮት «ሲወለድ ይተዋታል» ተብሎ መታለፉ ነው። በሌላ በኩል «አፈር ብላ» በአማርኛ እርግማን ነው። አፈር የሚበላ ሰው ልማዱን ከባሏም ከሐኪምም የሚደብቀው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ፒካ የማይባለው

ገና የሚድኽ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተቱ ሕመም አይደለም፤ ዓለምን የሚያውቅበት መንገድ ነው። ስለዚህ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ፒካ የሚለው ስያሜ አይሰጥም። ይህ ማለት ግን የሚውጠው አፈር አይጎዳውም ማለት አይደለም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ዘንድ ከጸበል ጋር የሚወሰደው «እምነት» የተባለው አመድ ወይም አፈርም በፒካ አይመደብም። የሚወሰደው በጥቂቱ፣ በሥርዓትና በጸሎት ነው፤ የሚወስደውም ሰው እንደ ሱስ አያሳድደውም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ በባሕል ተቀባይነት ያለውን አወሳሰድ ከትርጓሜው ውጭ ያደረገው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ምክንያቶች

የፒካ ምክንያት አንድ አይደለም። በጥናት በጣም የተደገፈው ግንኙነት ከብረት እጥረት ጋር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠቃለለ ትንተና፣ ፒካ ያለባቸው ሰዎች ከሌላቸው ይልቅ የደም ማነስ የመገኘት ዕድላቸው በ2.4 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥና የዚንክ መጠናቸውም ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። በሚቀጥለው ዓመት የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ በዓለም ላይ ካሉ እርጉዞችና አራሶች መካከል በአማካይ 27.8 ከመቶው አንድ ዓይነት ፒካ እንደነበራቸው ገምቷል። ከአራት ሴቶች አንዷ በላይ ማለት ነው። እንደ እብደት ወይም እንደ ብርቅ ነገር የሚታይ ልማድ እንዳልሆነ ይህ ቁጥር ይበቃል።

የብረት እጥረቱ መጀመሪያ መጥቶ አምሮቱን ያስነሣል ወይስ አፈሩ ብረቱን ያሳጣል የሚለው ጥያቄ እስካሁን ያከራክራል። በረዶ የመቆርጠም አምሮት ላይ መልሱ ግልጽ ነው ማለት ይቻላል፤ ብዙ ታካሚዎች የብረት ክኒን በጀመሩ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ የደማቸው መጠን ገና ሳይስተካከል፣ አምሮቱ ይተዋቸዋል። አፈር ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በሉሳካ፣ ዛምቢያ፣ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሙከራ ብረትና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን መስጠት አፈር መብላቱን እንዳልቀነሰው አሳይቷል። ልማድ አንዴ ከተተከለ በራሱ እግር ሊቆም ይችላል። ከልጅ ልጅ የሚተላለፍበት አካባቢም አለ፤ በጎረቤት ኬንያ ለእርጉዞች የሚሆን ለስላሳ ድንጋይ «ኦዶዋ» በሚል ስም በገበያ ይሸጣል።

ሌሎች መላ ምቶችም አሉ። አንደኛው ረሃብ ነው፤ ባዶ ሆድን የሚሞላ ነገር መፈለግ። ሁለተኛው ሸክላማ አፈር ሆድ ውስጥ ያሉ መርዞችንና ጀርሞችን ስለሚይዝ ማቅለሽለሽንና ተቅማጥን ያስታግሳል የሚል ነው። ይህኛው ፈጽሞ መሠረት የለውም አይባልም፤ ካኦሊን የተባለው ነጭ ሸክላ ለረጅም ጊዜ በተቅማጥ መድኃኒቶች ውስጥ ሲገባ ኖሯል። ነገር ግን በፋብሪካ የተጣራ ካኦሊንና ከጓሮ የተቆፈረ አፈር አንድ አይደሉም።

አፈር ብረት ይሰጣልን?

«ሰውነቴ የጎደለውን ያውቃል፤ አፈሩ ውስጥ ብረት ስላለ ነው የሚያምረኝ» የሚለው ሐሳብ ምክንያታዊ ይመስላል። ቀይ አፈር በርግጥም ብረት አለው፤ ቅላቱ የመጣው ከብረት ዝገት ነው። ሆኖም ይህን ሐሳብ ለመፈተን ከኢትዮጵያ የተሻለ አገር ማግኘት ይከብዳል፤ ኢትዮጵያውያን ሳያውቁት ለብዙ ዘመን ከእንጀራ ጋር አፈር ሲበሉ ኖረዋልና።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የተደረጉ የሥነ ምግብ ጥናቶች ጤፍ የሚበላ ሰው በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ብረት እንደሚያገኝ አሳዩ። አንዲት እርጉዝ በቀን የሚያስፈልጋት 27 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ ይህ ተመራማሪዎችን አስደንቆ ነበር። ፋፋን ባስተዋወቀው የኢትዮጵያና የስዊድን የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል የሠሩት ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት የብረቱ ትልቁ ክፍል ከእህሉ ሳይሆን ከአፈር የመጣ መሆኑን አመለከቱ። ጤፍ አውድማ ላይ፣ በመሬት ላይ ተነጥፎ፣ በበሬ ሰኮና ይወቃል። ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለሆነ አብሮት የገባውን ብናኝ በማበጠር ብቻ ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1980 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናትም ከአፈር የጸዳ ጤፍ ከሌሎች እህሎች እጅግ የተለየ ብረት እንደሌለው አረጋገጠ።

ያ ሁሉ የአፈር ብረት በአንጀት የሚመጠጥ ቢሆን ኖሮ በጤፍ አገር የብረት እጥረት ባልተሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት 57 ከመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች ደግሞ 24 ከመቶ የደም ማነስ እንዳለባቸው አገኘ። ለዚህ ሁሉ የብረት እጥረት ብቻ ተጠያቂ አይደለም፤ ወባ፣ የአንጀት ትሎችና ሌሎች እጥረቶችም ድርሻ አላቸው። ያም ሆኖ ከአፈር የሚገባው ብረት እንዳላዳነ ግልጽ ነው። ብረቱ በማዕድን ውስጥ የታሰረ ስለሆነ የጨጓራ አሲድ በቀላሉ አያሟሟውም፤ እንደገባ ይወጣል።

የሚብሰው ደግሞ አንዳንድ ሸክላ አፈር ሌላውንም ብረት አብሮ ይዞ መውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቱርክ በተደረጉ ሙከራዎች ሸክላ የበሉ ሰዎች የተሰጣቸውን ብረት የመምጠጥ አቅማቸው ቀንሷል። በኢራን ሺራዝ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመዘገቡ ሕሙማን የዚህን ጥግ ያሳያሉ። ከነርሱ አንዱ የ21 ዓመት ወጣት ሲሆን የ10 ዓመት ልጅ ይመስል ነበር፤ ጉርምስናው አልመጣም፣ ደሙ አንሷል፣ በየዕለቱ ብዙ ሸክላ ይበላ ነበር። የሰው ልጅ የዚንክ እጥረት ሊይዘው እንደሚችል የታወቀው ከእነዚህ ሕሙማን በተነሣው ምርምር ነው።

የጤና ጉዳቶች

የእርሳስ መመረዝ

በአማርኛ «እርሳስ» ሁለት ነገር ይባላል። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ መሐሉ ግራፋይት የተባለ የካርቦን ዓይነት እንጂ እርሳስ የተባለው ብረት አይደለም፤ ስለዚህ ጫፉን ያኘከ ተማሪ በእርሳስ አይመረዝም። መርዛማው እርሳስ በአሮጌ የመኪና ባትሪ፣ በአንዳንድ የዘይት ቀለሞችና ቀድሞ በእርሳስ ቤንዚን ጭስ በተበከለ የመንገድ ዳር አፈር ውስጥ የሚገኘው ነው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች የእርሳስ ቤንዚንን እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አቁመዋል፤ መሬት ውስጥ የገባው እርሳስ ግን አይበሰብስም።

እርሳስ በተለይ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ልጆች ከተመሳሳይ መጠን ከአዋቂዎች ከ4 እስከ 5 እጥፍ የሚበልጥ እርሳስ ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ፤ ጉዳት የማያስከትል የሚባል መጠንም አልተገኘም። የትምህርት አቀባበል መቀነስ፣ ቁጡነት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀትና የደም ማነስ ከምልክቶቹ ናቸው፤ መጠኑ ሲበዛ እንዘፍዛፊ፣ ራስን መሳትና ሞት ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት እርሳስ ያለበት የወርቅ ማዕድን በመኖሪያ ግቢ ይፈጭ ስለነበር፣ በአፈሩ የተጫወቱ ቢያንስ 400 ልጆች ሞተዋል።

እዚህ ላይ ከብረት እጥረት ጋር ያለው ግንኙነት ተመልሶ ይመጣል። አንጀት ብረትን የሚያስገባበት በር እርሳስንም ያስገባል። ብረት ሲጎድል ሰውነት በሩን ይበልጥ ይከፍታል፤ አፈሩ እርሳስ ካለበት ባዶውን ቦታ የሚሞላው እርሳስ ይሆናል። ስለዚህ አፈር የሚያምረው ሰው በአፈር ውስጥ ላለው መርዝ ከማንም ይልቅ የተጋለጠ ነው። እርጉዝ ከሆነች ደግሞ እርሳሱ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል።

የአንጀት ትሎች

ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ለመውረስ ይደርሳል፤ ከዚያም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ጅራፍ መሰሉ ትልም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። አፈር የሚበላ ሰው እነዚህን በቀጥታ ይውጣቸዋል። ወስፋት ሲበዛ የሕፃን አንጀት እስከ መዝጋት ይደርሳል።

መንጠቆ ትል ትንሽ ይለያል። በዋናነት የሚገባው በባዶ እግር ቆዳ ሲሆን ሙቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው በአዲስ አበባ ብርድ እንደ ቆላው አይራባም። ሆኖም ከሁለቱ ዝርያዎቹ አንዱ በአፍም ይገባል፤ ይኸው ዝርያ አንዱ ትል ብቻ በቀን እስከ 0.2 ሚሊሊትር ገደማ ደም ያስወጣል። መቶ ትል ያለበት ሰው የሚያጣውን ማስላት አያስቸግርም።

የውሻና የድመት እዳሪ የነካው አፈር ደግሞ ቶክሶካራ የተባለ ትል እንቁላልና የቶክሶፕላዝማ ጥገኛ ይይዛል። የመጀመሪያው የልጅን ዓይን ሊያሳውር ይችላል፤ ሁለተኛው በእርግዝና ጊዜ ሲይዝ ጽንሱን ይጎዳል። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በሚበዙበት ከተማ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ለኮሶ ትል የሚጠጣው ኮሶ ለእነዚህ መፍትሔ አለመሆኑንም መጥቀስ ያስፈልጋል፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ ፈጽሞ ልትጠጣው አይገባም።

የአንጀት መዘጋትና መበሳት

የተበላው ነገር ሳይፈጭ ሊከማች ይችላል። አፈርና ጠመኔ ከባድ ድርቀት ያመጣሉ። ፀጉር በጨጓራ አሲድ ስለማይሟሟ ተጠቅልሎ እንደ ኳስ ይሆናል፤ ጅራቱ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ እ.ኤ.አ. በ1968 «ራፑንዘል ሲንድረም» የሚል ስም ተሰጥቶታል፤ ስሙ የመጣው ረጅም ፀጉር ካላት የአውሮፓ ተረት ባለታሪክ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው።

በኢትዮጵያ በስፋት የተሰማው የዚህ ዓይነት ጉዳይ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የተደረገው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሞች ከአንድ ታካሚ ጨጓራ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ 122 ሚስማሮች፣ መርፌዎች፣ የጥርስ መፋቂያ እንጨትና የመስታወት ስብርባሪ አወጡ። ታካሚው ለዓመታት የአእምሮ ሕመም የነበረበትና መድኃኒቱን ያቋረጠ እንደነበር ሐኪሙ በወቅቱ ለዜና ሰዎች ተናግረዋል። ዜናው በዓለም ዙሪያ እንደ ጉድ ተነገረ፤ ዋናው ነገር ግን ያለፈው በጨረፍታ ነው፦ ሚስማሩ የመጣው ሕክምናው ከተቋረጠ በኋላ ነበር።

ሌሎች ጉዳቶች

ድንጋይና ጠጠር ያለበት አፈር ጥርስን ይፈገፍጋል፣ ይሰብራል። ሸክላ ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ከአንጀት ስለሚይዝ ብዙ የሚበላ ሰው ጡንቻው ሊዝል፣ የልብ ምቱም ሊዛባ ይችላል። ጥሬ ዱቄትና ስታርች ሆድ እየሞሉ ሌላ ምግብ ያስቀራሉ፤ የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ስኳሩን ከፍ ያደርጋሉ።

በቀራንዮና በአካባቢው

ኮልፌ ቀራንዮ በምዕራብ አዲስ አበባ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። አፈር መብላት እዚህ ከሌላው የከተማው ክፍል ይበዛል ለማለት ሳይሆን፣ አንድ ከተማ ውስጥ «አፈር» የሚባለው ነገር ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት አካባቢው ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

በቆዩት ሰፈሮች የብዙ ቤቶች ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነው። ከኮልፌ አጠና ተራ የተገዛ የባሕር ዛፍ አጠና ይቆማል፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ሰንብቶ ይቦካና ይመረጋል። ግድግዳው ሲያረጅ ምርጊቱ ይፈረፈራል፤ በልጅ እጅ ልክ፣ በአልጋ ራስጌ በኩል፣ ለመቆንጠር ይመቻል። ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታም የብዙዎችን አምሮት የሚቀሰቅስ ነው። መሬት ላይ ስላልሆነ «ንጹሕ» ይመስላል እንጂ፣ ሲቦካ የተጠቀሙበት አፈር ከየት እንደተቆፈረ የሚያውቅ የለም። በላዩ ላይ የቆየ የዘይት ቀለም ካለው ደግሞ ከጭቃው ቀለሙ ያሳስባል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ አውጥታለች፤ ደንቡ ግን ከመውጣቱ በፊት የተቀባውን ግድግዳ አይፍቀውም።

ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር በሚዋሰነው በረጲ፣ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ የተከመረበት ቆሼ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች የሞቱበት ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ባትሪ፣ ቀለም፣ ኤሌክትሮኒክስና የፋብሪካ ዝቃጭ ከሌላው ቆሻሻ ሳይለይ ሲደፋ ኖሯል፤ በአካባቢው አፈር ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ከባድ ብረቶች እንዳሉበት አሳይተዋል። ትንሹ አቃቂ ወንዝም የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተሸክሞ በምዕራቡ ከተማ ያልፋል። የወንዝ ዳር ደለል ለስላሳና ያማረ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ለአፍ ግን ከሁሉም የከፋው ምርጫ እርሱ ነው።

አፈርን በምጣድ ቆልቶ መብላት አንዳንድ የትል እንቁላሎችን ሊገድል ይችላል። እርሳስን፣ ካድሚየምንና አርሴኒክን ግን እሳት አያጠፋቸውም።

ምርመራ

ፒካ በላቦራቶሪ አይታወቅም፤ ተጠይቆ ነው የሚታወቅ። «አፈር ትበያለሽ?» የሚል ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ኧረ!» ነው። «ከምግብ ውጭ የሚያምርሽ ነገር አለ? ብዙ እናቶች አፈር፣ ከሰል ወይም በረዶ ያምራቸዋል» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በከተሞች ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ለመጠየቅ ከሐኪም ይልቅ ምቹ ቦታ ላይ ናቸው፤ ግድግዳውንም ያዩታልና።

ከዚያ የሚቀጥለው የደም ምርመራ ነው። ብዙ ሰው «የደም ማነስ» ሲባል ከደም ግፊት መውረድ ጋር ያምታታዋል፤ ሁለቱ አይገናኙም። የሚለካው ሄሞግሎቢን ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ያለውን የደም ማነስ ይለዋል። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። ከፍታ ላይ ሰውነት ብዙ ደም ስለሚሠራ መለኪያው ከፍ መደረግ አለበት፤ በአዲስ አበባ 12.5 የተለካላት ሴት በወረቀት ጤነኛ ብትመስልም ማስተካከያው ሲደረግ የደም ማነስ ሊኖርባት ይችላል። በሌላ በኩል በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሄሞግሎቢናቸው እንደ አንዲስ ሰዎች ከፍ እንደማይል ስላሳየ ማስተካከያው ለኢትዮጵያውያን ምን ያህል ይስማማል የሚለው ያነጋግራል። ክርክሩን የሚያቋርጠው የተከማቸ ብረትን የሚለካው የፌሪቲን ምርመራ ነው፤ ጤነኛ በሆነ አዋቂ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች ከሆነ የብረት ጎተራው ባዶ ነው።

እንደ ሁኔታው የሰገራ ምርመራ፣ የሆድ ራጅ ወይም አልትራሳውንድና በደም ውስጥ ያለ የእርሳስ መጠን ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት በደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ እርሳስ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል።

ሕክምና

ብረት የጎደለው ሰው ብረት ይሰጠዋል። አንድ የተለመደ የብረት ክኒን 60 ሚሊግራም ገደማ ብረት አለው። ክኒኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ ሊያቅለሸልሽም ይችላል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ ነው። በ2016ቱ ጥናት (እ.ኤ.አ.) በእርግዝናቸው ለ90 ቀንና ከዚያ በላይ ብረት የወሰዱ ሴቶች 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከቡናና ከሻይ ጋር መውሰድ ብረቱን ያስራል፤ አንድና ሁለት ሰዓት ማራቅ፣ በምትኩ በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ መዋጥ ይረዳል። እንጀራ በደንብ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት የሚያስር ፋይቴት ስለሚቀንስ በዚያው ቀን ከተጋገረ አፍለኛ ይልቅ የቦካው ይመረጣል። ሄሞግሎቢን ከተስተካከለ በኋላም ጎተራው እስኪሞላ ለሦስት ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል። ክኒኑ ከልጆች እጅ መራቅ አለበት፤ ቀይና ጣፋጭ መስሎት ብዙ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ለትሎች አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ለእርጉዝ ሴት ግን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ ነው። የእርሳስ መመረዝ ዋናው ሕክምና ከምንጩ መለየት ነው፤ በደም ውስጥ ያለው 45 ማይክሮግራም በዴሲሊትርና በላይ ለሆነ ልጅ ደግሞ እርሳሱን ከሰውነት የሚያወጣ መድኃኒት አለ።

ኦቲዝም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለባቸው ልጆች ብረት ብቻውን አይበቃም። አደገኛ ነገሮችን ከአካባቢው ማራቅ፣ ልጁ የሚፈልገውን የአፍ ስሜት በማይጎዳ ነገር መተካት (የሚቆረጠም ካሮት፣ ቆሎ፣ ለማኘክ የተሠራ ጎማ)፣ ሲተው ማበረታታት ውጤት ያሳያሉ። ቅጣት ልማዱን ወደ ጨለማ ይገፋዋል እንጂ አያቆመውም። እ.ኤ.አ. በ2002 በዘሚ የኑስ የተመሠረተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ ለወላጆች መንገድ ካሳዩት ቀዳሚ ተቋማት አንዱ ነው። የአእምሮ ሕመም ሲኖር ሕክምናው በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የሥነ አእምሮ ክፍል ባላቸው ሌሎች ሆስፒታሎች ይሰጣል። ለቀራንዮ ነዋሪ በመጀመሪያ የቅርቡ ጤና ጣቢያ፣ ከፍ ሲል ደግሞ በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል አለ።

አስቸኳይ ሁኔታዎች

የሚከተሉት ሲታዩ ቀጠሮ አይጠበቅም፦ የሆድ መነፋትና ፈስም ሰገራም ማቆም፣ አረንጓዴ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት፣ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ (ብረት ክኒን የማይወስድ ሰው ላይ)፣ እንዘፍዛፊ፣ ራስን መሳት። ክብ የሰዓት ባትሪ፣ ማግኔት፣ ሚስማር ወይም መስታወት የዋጠ ሰው ምልክት ባያሳይም ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ባትሪ የጉሮሮን ቧንቧ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። እንዲያስመልሰው ማድረግም ሆነ ዳቦ አጉርሶ «ይገፋው» ማለት ጉዳቱን ያብሳል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።